ለሰባተኛው ቀን የሚሆን ባዶ ቦታ

በትሪፖሊ፣ በሱቅ አል-ጁምዓ ሰፈር «አብላ»፣ ማለት አስተማሪት፣ ከተባለ ወኒሳ ናት። ሌሎቹ አስተማሪዎች ከነስማቸው ይጠራሉ፤ እሷን ግን ያስተማረቻቸውም እናቶቻቸውም «አብላ» ብቻ ይሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት ለሴት ልጆች ጂኦሜትሪ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ፣ ጠመኔ የለመደ እጇ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆንለት አለ። የእህቷ ልጅ ስትዳር ሌላው ሁሉ ሲጨፍር እሷ በተዋሰችው ካሜራ ሰርጉን ስትቀርጽ ዋለች። ያንን ፊልም ያዩ ሴቶች በሳምንቱ ሦስት ሰርግ ይዘውላት መጡ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

በዚያ አገር የሰርግ አዳራሽ የሴቶቹ ወገን ለሴቶች ብቻ ነው። በሩ ይዘጋል፣ ሻሹ ይወልቃል፣ ጸጉር ይለቀቃል። በመንገድ አንገቷን ደፍታ የምታልፍ ሴት ከበሮ ከሚመቱት ዘፋኞች ፊት ወጥታ ስትውረገረግ ጎረቤቷ እንኳን አይለያትም። ይህን የሚያይ ካሜራ በሴት እጅ መሆን አለበት፤ ሴትም ቢሆን በየትኛዋም ሴት እጅ አይሆንም። ከከተማው ማዶ አንዲት ሰርግ አንሺ ፍላሽ ጠፍቶባት ሁለት እጮኝነት ፈረሰ ይባላል። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ማንም አላጣራም፤ ፍርሃቱ ግን እውነት ነበር። ስለዚህ ወኒሳ በመጀመሪያው ሰርግ ዋዜማ በተሰበሰቡት እናቶች ፊት ቆማ ማለች፦ ያነሳሁት ከቤቴ አይወጣም፤ ያነሳሁት ከቤቴ አይጠፋም።

መሐላዋን አክብራ ኖረች። ኮምፒውተሩን ያስቀመጠችው የአባቷ የወይራ ዘይት ገንቦዎች ይቀመጡበት በነበረው የጓሮ ክፍል ነው። መስኮቱ ተደፍኗል፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። የኢንተርኔት መስመር ወደዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ከውስጥ የሚወጣው ለሰርጉ ባለቤት በእጇ የሚሰጣት ሲዲ ብቻ ነው። ባለሱቁ ሲሸጥላት ሀርድ ዲስኩን መታ መታ አድርጎ፣ ይሄ የልጅ ልጆችሽን ሰርግ ይይዛል ብሏት ነበር።

ሁለቱ መሐላዎች ለየብቻቸው ያማሩ ነበሩ። አንዱ በሩን ይዘጋል፤ ሌላው የገባውን ሁሉ ያቆያል። የማይወጣበትና የማይጣልበት ቤት አንድ ቀን እንደሚሞላ ለማወቅ ደግሞ ጂኦሜትሪ አያስፈልግም፣ መደመር ይበቃል። ግን ሰው የማለበትን ነገር ደምሮ አያየውም። ሒሳብ ለሌላው ሰው ጉዳይ ነው፤ በራሳችን ቃል ላይ ስንደርስ ሁላችንም ቁጥር እንዳልተማረ ሰው እንሆናለን።

ደግሞም አንድ ሰርግ አንድ ፊልም ሆኖ አያውቅም። ለሙሽራዋ ሙሉው ይሰጣታል። ለባልየው ቤት፣ ወንዶች በሚቀመጡበት ሳሎን ሊታይ ስለሚችል፣ ጸጉሯን የገለጠች ሁሉ ተቆርጣ ጌጡና ግብዣው ብቻ የቀረበት ሌላ ይሠራል። ከዚያ ልመናው ይከተላል። አንዷ ከአማቴ ፊልም አውጪኝ ትላለች፤ ሌላዋ ከእነእገሊት ጋር አልታይም ብላ ትምላለች። ወኒሳም ለሁሉም እሺ ትላለች፤ ጥያቄውን ከነቀኑና ከነደቂቃው በደብተሯ ትጽፍና አዲስ ፊልም ታቀናብራለች። የቀድሞውን አታጠፋውም፤ በዚያኛው ውስጥ ያሉትም አደራዋ ናቸዋ። የሐጃ ፈውዚያ ልጅ ሰርግ እንዲህ ሲባል ሰባት ፊልም ወጣው። ሁለቱ ምራቶቿ፣ ሳሚራና ሐናን፣ ሲጣሉ አንዷ ወጣች፣ ሲታረቁ ተመለሰች፣ እንደገና ሲጣሉ ሌላዋ ወጣች። እንዲህ ዓይነት ሰርግ መቶ ሠላሳ ያህል በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር።

የዚያ ዓመት ችግር የመጣው በሐጃ መብሩካ ልጅ ሰርግ ነው። ሐጃ መብሩካ በስፌት መኪና አንዲት ልጅ ያሳደገች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ለልጇ ለቲብራ ሰርግ ከእያንዳንዱ ሸማ ጀምሮ ሁሉን በእጇ አሰናዳች። ሰርጉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መግሩድ የሚባለውን በቴምር የተሞላ ብስኩት በትሪ ይዛ ከደረጃው ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ሰርጉን ማራዘም አልተቻለም። አዳራሹና ዘፋኞቹ ተይዘዋል፤ ሙሽራው ደግሞ በደቡብ፣ በሰብሃ ነው የሚሠራው፣ ፈቃዱም እያለቀ ነው። ሐጃ መብሩካ ራሷ ከአልጋ ላይ ሆና፣ ቀን የሚቀይር ሰው የእኔ አይደለም ብላ ቁርጡን ተናገረች። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ቲብራ ተዳረች፤ እናቷ ግን በሆስፒታል ጣሪያ ላይ ዓይኗን ተክላ ዋለች።

ዓርብ ጠዋት ወኒሳ ልትጠይቃት ሄደች። ሐጃ መብሩካ አላለቀሰችም። ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ካዘጋጀችው ከነጭ ሐርና ከቀይ ሐር የትኛው መጀመሪያ እንደተለበሰ ጠየቀቻት። ወኒሳ ነጩ አለቻት። ትክክል ነው ብላ ዓይኗን ከደነች፤ ቆይታ ደግሞ ገልጣ፦

«በመጨረሻ ስትወጣ እጇን እንዴት አደረገች? ሙሽራ ስትወጣ እጇን የምታነሳበት መንገድ አለ፤ አስተምሬያት ነበር።»

«ሐሙስ ያዩታል፣ ሐጃ። ሰባተኛው ቀን ላይ ከሆስፒታል ይወጣሉ፤ እርስዎና ቲብራ አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጣችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታዩታላችሁ።»

ይህ ሦስተኛ መሐላ ነበር፤ ብቻ በሰው ፊት የተማለ አልነበረም። ዓርብ፣ ከሰባተኛው ቀን ማግስት፣ ቲብራ ወደ ሰብሃ ትሄዳለች። ከሐሙስ በኋላ የሚደርስ ፊልም ለእናትየዋ ብቻ ይሆናል፤ ለብቻ የሚታይ ሰርግ ደግሞ ምኑ ሰርግ ነው?

ቅዳሜ ሥራ ስትጀምር ማሽኑ እንደተለመደው ቀርፋፋ ነበር። ከተለመደ ቆይቷል። አንድ ፋይል ለመክፈት ተጭና፣ ሻይ አፍልታ፣ ኦቾሎኒ ጨምራበት ጠጥታ ስትመለስ ክቡ ገና ይሽከረከራል። ካሜራውን ከፍታ የቲብራን ምስል ወደ ማሽኑ ስታስገባ እሁድ ደረሰባት። እሁድ ምስሉ ሦስት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ይቆማል። ቲብራ ከአዳራሹ ልትወጣ እጇን ማንሳት ጀምራ ደረቷ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ ሩብ ሰዓት እጇ አየር ላይ ይቀራል። ሰኞ ወኒሳ የተቀናበረውን ፊልም አንድ ላይ እንዲያወጣ አዘዘችው። እስከ ቀትር ሲንፏቀቅ ቆይቶ አርባ ከመቶ ላይ ሲደርስ ቆመና በቂ ቦታ የለም የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ከታች ጥግ ላይ ዲስኩ ሊሞላ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ለወራት ሲወጣ ነበር። ሲወጣም በር ላይ ሻጭ እንደመጣባት ሰው ትዘጋው ነበር። «ሊሞላ» ማለት «አልሞላም» ማለት ነው ብላ ነበር የያዘችው። በአባቷ ክፍል ያደገችው በገንቦ መካከል ነው። ገንቦ እስካፉ ቢሞላ አቀዳዱ አይዘገይም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ያልፈሰሰ ሁሉ ደህና ነው የሚለውን ከዘይት ተምራ ለኮምፒውተር ሰጠችው፤ ስሕተቷም እዚህ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መካሪው በዛ። ጎረቤቷ ዓይን በልቶሻል ብላ ሰማያዊ ዶቃ አመጣችላት። ወንድሟ ሙኽታር መኪና ጎማ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ወደዚያ ክፍል መግባት ስላልተፈቀደለት ከኮሪደሩ ሆኖ በተዘጋው በር በኩል ጮኸ።

«ቫይረስ ነው። ፎርማት አድርጊው፣ እንደ አዲስ ይሆንልሻል።»

«ሰርጎቹስ?»

«ሰርጎቹማ ይጠፋሉ።»

«አንተ ሂድና ጎማህን ሽጥ።»

ከዚያ ሱዓድ ትዝ አለቻት። ሱዓድ የድሮ ተማሪዋ ናት፤ አሁን በምስራታ በአንድ የሙያ ተቋም ኮምፒውተር ታስተምራለች። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ልትመጣ አትችልም፤ ግን ስልኳን አነሳችና የደረሰውን ሁሉ በጥሞና ሰማች። አንድ ነገር ብቻ ያንብቡልኝ አለቻት፤ ስንት ቦታ እንደቀረ።

«ሦስት ጊጋ» አለች ወኒሳ።

«ከስንት?»

«ከዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ።»

«አብላ፣ ለእኛ እንኳን ለፈተና ወረቀት ሲሰጡን ለመልሱ ባዶ ቦታ ይተዉልን ነበር።»

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ዲስክ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ የሚሠራበትም ነው። ትልቅ ሥራ ሲሰጠው ዋናው የማስታወሻ ክፍሉ አይበቃውም፤ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ያሳርፋል፤ ቆይቶ ያነሳዋል። ፊልም ሲያቀናብር ቁርጥራጩን ሁሉ ለጊዜው እዚያው ይጽፈዋል። ባዶ ቦታ ከሌለ የሚያሳርፍበት የለውም፤ አንዱን ሳያነሳ ሌላውን ማስቀመጥ አይችልም። አዲስ የሚገባውንም ፋይል አንድ ላይ የሚያኖርበት ስፍራ ስለማያገኝ ቆራርጦ፣ ቀዳዳ ባገኘበት ሁሉ እየወተፈ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ያንን ፋይል ለማንበብ የዲስኩ መርፌ ከጥግ ወደ ጥግ ሲሮጥ ይውላል።

ወኒሳ ይህን እየሰማች ዓይኗን ጨፈነች። የምታየው ኮምፒውተር አልነበረም። የአሥረኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ያለፈው ትምህርት ሳይጠፋ ቀርቶ፣ አዲሱን ማስረጃ ለመጻፍ ቦታ የለም፤ መጀመሪያው በላይኛው ጥግ፣ ቀጣዩ በታችኛው ጠርዝ፣ መደምደሚያው በመካከሉ በጠባብ ክፍተት፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ደግሞ ቀስት። ተማሪው ቀስት ሲከተል ሐሳቡ ይጠፋበታል። እንዲህ የምታደርግ ተማሪ ስታይ ጠመኔውን ቀምታ፣ መጀመሪያ ሰሌዳሽን አጥፊ፣ ከዚያ አስቢ ስትል የኖረችው እሷ ናት።

«ሰሌዳ ነው በይኝ» አለች።

«ሰሌዳ ነው፣ አብላ። አንድ አምስተኛው ሁልጊዜ ባዶ መሆን አለበት።»

ሰውም ከዚህ የተለየ አይመስልም። ሽማግሌ አንድ ስም ፍለጋ ግማሽ ቀን የሚቆዝመው ስለረሳ ነው ይባላል፤ ምናልባት ግን ምንም ስላልረሳ ይሆናል። ወኒሳ ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ሐሙስ እየመጣ ነበር።

ሱዓድ መጀመሪያ የመከረቻት ቀላል ነገር ነበር፦ የእጅ መዳፍ የሚያህል ውጫዊ ዲስክ ገዝቶ ግማሹን ወደዚያ ማዛወር። ወኒሳ በፍጹም አለች። በኪስ የሚገባ ነገር ከቤት ይወጣል፤ መሐላዋም ይኸው ነበር። እንግዲያው ያጥፉ አለቻት ሱዓድ። እሱንም አልችልም አለች።

«ሁለቱንም አልችልም ካሉ፣ እንግዲህ ማሽኑም አይችልም» አለች ልጅቷ፤ ተማሪ ለአስተማሪዋ እንደማትናገረው አድርጋ። ወዲያው ለስለስ አለችና ጠየቀቻት፤ «የቆሻሻ ቅርጫቱን አፍስሰው ያውቃሉ?»

አታውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ሙከራ ሁሉ ወደዚያ ሲጣል፣ የጠፋ መስሏት ኖራለች። ቅርጫቱ አርባ አንድ ጊጋ ይዞ ነበር። የክፍሉን ወለል በቀን ሁለቴ የምትጠርግ ሴት በዚህ አፈረች፤ ከፍታ አፈሰሰችው። ማሽኑ ትንሽ ተነፈሰ፤ የማውሱ ቀስት እጇን መከተል ጀመረ። ለቲብራ ፊልም ግን ቢያንስ መቶ ሃምሳ ያስፈልግ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ባለቤቶቹን አስፈቅዳ ልታጠፋ ስልክ ያዘች። ለአደራ የሚገባው ይህ ነው ብላ ነበር። መጀመሪያ የደወለችው ለሐጃ ፈውዚያ ነው።

«ሐጃ፣ የልጅዎን ሰርግ ሰባት አድርጌ ይዤዋለሁ። ቦታ አጠረኝ። ስድስቱን ላጥፋ?»

«ሳሚራ የሌለችበት የትኛው ነው?»

«ሁለተኛውና ስድስተኛው።»

«ሐናን የሌለችበትስ?»

«አራተኛው።»

«አሁን ከሁለቱም ጋር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ረመዳን እየመጣ ነው፤ ወጥ ቤት አንድ ላይ ልንገባ ነው። ሁሉንም ተይልኝ።»

ቀጥላ ለናጂያ ደወለች። ናጂያ ከባሏ ተፋታለች፤ ዛሬውኑ ሁሉንም አጥፊልኝ አለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደውላ፣ ነፍሷን ይማረውና እናቴ በዚያ ሰርግ ዘፍናለች፣ ተይው አለች። ሦስተኛ ጊዜ ደውላ እህቴን ጠይቂያት አለች። እህትየዋ ስልክ አታነሳም። ሌላዋ ሴት ባሌን ላማክር አለች፤ ይህ ደግሞ ወኒሳን አስደነገጣት፤ ባልየው ይህ ፊልም መኖሩንም ማወቅ የለበትም። አራት ሰዓት ሲሆን ስድስት ሴቶችን አነጋግራ፣ ከሁሉም ተመራርቃ፣ አንድ ጊጋ አላገኘችም።

ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ የማስተማር ዘመኗ ድምፅ ከውስጥ መጣላት። አደራ የተሰጠኝ ምንድን ነው? ብላ ራሷን ጠየቀች። ካሜራው ያየው ነው። ሴቶቹ በፊቴ የጨፈሩት፣ የዘፈኑት፣ የሳቁት። ሰባቱ ፊልም ግን የእኔ መቀስ ሥራ ነው። ማን ከየትኛው እንደወጣች በደብተሬ ከነደቂቃው ተጽፏል፤ ነገ ቢፈለግ ከመጀመሪያው ምስል እንደገና ቆርጬ እሠራዋለሁ። አንድ ማስረጃ ከመነሻው እንደገና ሊወጣ የሚችል ከሆነ ሰሌዳው ላይ ለዘላለም የሚኖርበት ምክንያት የለም። መነሻው ካለ ሁሉም አለ።

ደብተሮቿን አወጣች፤ አሥራ አራት ነበሩ። እያንዳንዱን ሰርግ በሦስት ጥያቄ መረመረችው። የመጀመሪያው ምስል አለ? የቆረጣው ዝርዝር ተጽፏል? ሲዲው ለሰርጉ ባለቤት ደርሶ ፈርማለች? ሦስቱም አዎ ከሆነ ቅንብሩ ሁሉ ይጠፋል፤ የመጀመሪያው ምስል ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ገና ሥራውን ሳታውቅ፣ ዋናውን ምስል ሳታስቀምጥ ቅንብሩን ብቻ የያዘቻቸው አሥራ ሁለት ሰርጎች ነበሩ። እነሱን አልነካቻቸውም። ከሌሎቹ ቀድመው የሄዱት የሐጃ ፈውዚያ ሰባቱ ናቸው።

የፈተና ወረቀት እንደምታርም ሴት ነበረች፤ አንዱን አይታ ወደ ግራ፣ ሌላውን አይታ ወደ ቀኝ። በየአሥሩ ቅርጫቱን ታፈስስ ነበር። ቀትር ላይ ቀና ብላ ስታይ ያ ለወራት ቀይ የነበረ መስመር ሰማያዊ ሆኗል። ከሦስት ጊጋ ሦስት መቶ ስምንት ደርሷል፤ ከዲስኩ ሢሶው ያህል ባዶ ነበር።

ለሱዓድ ደወለች። ሱዓድ የተበታተነውን ሁሉ ማሰባሰብ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ለዓርብ ይቆይ አለች። አሁን ግን የቲብራን ምስል ከማሽኑ አጥፍታ ከካሜራው ካርድ እንደገና እንድታስገባው ነገረቻት፤ ቀድሞ የገባው በየቀዳዳው ተወትፎ ነው፣ አሁን ግን ሰፊ ቦታ ስላለ አንድ ላይ ይቀመጣል። ወኒሳ እንደተነገራት አደረገች። ቅዳሜና እሁድ ሁለት ቀን የፈጀው ነገር በሰዓት ተኩል አለቀ። ከዚያ ያንኑ ቦታ ከፈተችው። ቲብራ ከአዳራሹ ልትወጣ ነው፤ እጇን አነሳች፤ ደረቷ ጋ አልቆመችም፤ መዳፏን ወደ ውጭ መልሳ ግንባሯ ድረስ አደረሰችና ቀስ ብላ አወረደችው። ወኒሳ ደግማ አየችው። እናትየዋ የጠየቀችው ይህ ነበር።

አመሻሹ ላይ ቅንብሩ አለቀ። ሐሙስ ከቁርስ በኋላ እንዲያወጣ አዘዘችው። መብራት በዚያ ሰሞን እንዳሻው ነበር የሚሄደው፤ ሰባ ከመቶ ላይ ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። መጠባበቂያ ባትሪው ማሽኑን ለደቂቃዎች ብቻ ነው የሚይዘው። ግቢው ውስጥ ግን ሙኽታር በጄኔሬተሩ አጠገብ ወንበር ይዞ ሳይጠሩት ተቀምጦ ነበር፤ አንዴ ገመዱን ሳበው፣ ሁለቴ ሳበው፣ ተነሳ። በመስኮቱ ድፍን በኩል፣ አሁንስ ጎማዬን ልሽጥ ወይስ ልቆይ? ሲል ሰማችው። ቆይ አለችው። አምስት ሰዓት ሲሆን ሲዲው ትኩስ ሆኖ ወጣ።

ሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሐጃ መብሩካ ሳሎን ሞልቶ ነበር። ፍራሿን ከቴሌቪዥኑ ፊት አንጥፈውላት፣ እግሯ በትራስ ተደግፎ ተቀምጣለች፤ ቲብራ ከጎኗ ትከሻ ለትከሻ ገጥማለች። ሴቶቹ ሻይ ይዘው በየጥጉ ተደርድረዋል። ሐጃ ፈውዚያም ከሁለቱ ምራቶቿ ጋር አለች። ወኒሳ ሲዲውን ከማስገባቷ በፊት መናገር ያለባትን ተናገረች። ቅንብሮቻችሁን አጥፍቻለሁ፤ ዋናው ምስል እንዳለ ነው፤ ከቤቴም አልወጣም አለች። ማጉረምረም ተነሳ።

«የእኔንም?» አለች ሐጃ ፈውዚያ።

«ሰባቱንም።»

«እንግዲያው አሁን የትኛዋ ምራቴ ናት ያለችው?»

«ሁለቱም አሉ፣ ሐጃ። ጎን ለጎን ነው የሚጨፍሩት።»

ሳሚራና ሐናን ተያዩ፤ ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ሐናን ናት። ከዚያ ሳሎኑ ሁሉ ሳቀ፤ ሐጃ ፈውዚያም ሳትወድ በግድ አብራ ሳቀች። ሌሎቹ ቅር ያላቸው ነበሩ፤ አንዷማ ሳታስፈቅጂኝ እንዴት ብላ ፊቷን አዞረች። ወኒሳ አልተከራከረቻትም፤ ልክ ነሽ ብላ ፊልሙን አስጀመረች።

የሙሽራዋ እጅ ሒና ሲቀባ ከሚታይበት ከመጀመሪያው አንስቶ ሐጃ መብሩካ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኗን አልነቀለችም። አላለቀሰችም። ነጩን ሐር ያለበሱበትን አለባበስ ነቀፈች፤ መግሩዱ በየጠረጴዛው እኩል አለመድረሱን አየች፤ ከዘፋኞቹ አንዷ ደክማለች አለች። ቲብራ በየመካከሉ ጆሮዋ ላይ እያንሾካሾከች፣ እዚህ ጋ አንቺን እያሰብኩ ነበር፣ እዚህ ጋ ደግሞ ጫማዬ ጠቦኝ ነበር ትላታለች። መጨረሻው ሲደርስ፣ ሙሽራዋ ዞራ እጇን ስታነሳ፣ ሐጃ መብሩካ ሳታውቀው የራሷን ቀኝ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳችና እኩል ከልጇ ጋር እስከ ግንባሯ አድርሳ አወረደች።

ፊልሙ ሲያልቅ ሲዲውን ወኒሳ በእጇ ሰጠቻት። ሐጃ መብሩካ ተቀብላ አገላበጠችው።

«ያንቺ ቤት ያለውስ ይቆያል?»

«ከእንግዲህ አንድ ዓመት ብቻ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የእርስዎ ነው፤ እኔ ጋ አይኖርም።»

«ለምን?»

«የሚመጣው ሐሙስ የሌላ ሰው ልጅ ትዳራለች፣ ሐጃ። ቦታ ያስፈልጋታል።»

ወኒሳ ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ልጇን ነገ ለምትሸኝ እናት መሆኑ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። ሐጃ መብሩካ ወደ ቲብራ አየች። በሩ አጠገብ የተደረደሩትን፣ ለሰብሃ የታሰሩትን ሻንጣዎች አየች።

«ደግ» አለች፤ ሲዲውን ትራሷ ሥር አስገባችው። ወዲያው ደግሞ መልሳ አወጣችውና ለወኒሳ ዘረጋችላት። «ግን ዛሬ ገና አልመሸም። ከሒናው ጀምረሽ ድገሚልን።»